የካሱ አቴሞያ

የካሱን ቤት ለማግኘት አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ላይ ለባጃጅ ነጂ «የፍራፍሬው ቤት» ማለት ይበቃል። ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሰፈሩ ሁሉ ሙዝና ማንጎ ያለበት ተራ ግቢ ይመስላል። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ፍሬው እንደ ከረጢት ከግንዱ ላይ የሚንጠለጠል ጃክ ፍሩት፣ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ እንደ ቁልቋል የተንጠላጠለ ድራገን ፍሩት፣ ሲቆረጥ የኮከብ ቅርጽ የሚያወጣ ስታር ፍሩት፣ ከድሬዳዋ በትንሽ ጣሳ መጥቶ አሁን ጣሪያውን ያለፈ ካዝሚር ያገኛሉ። ፀሐይ ለመከለል በተወጠረው የጥላ መረብ ሥር ደግሞ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞች እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ ተደርድረዋል።

ካሱ ዕድሜውን ሙሉ ሙዝ እየጫነ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲመለሱ ከመንገድ ከሰል ወይም ድንች ይዘው ይገባሉ፤ እሱ ጋቢናው ውስጥ ችግኝ አስቀምጦ ይመጣል። የመጀመሪያውን የጃክ ፍሩት ዘር የሰጠው አትክልት ተራ የሚያውቀው አንድ ነጋዴ ነው። ከዚያ በኋላ ያየውን ሁሉ መትከል፣ የተከለውንም ማባዛት አመል ሆነበት። ወገቤን አመመኝ ብሎ መንዳት ካቆመ ወዲህ ደግሞ አመሉ ሥራ ሆነ። ከሶዶ፣ ከሐዋሳ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ችግኝ ፈላጊዎች በቴሌግራም ይጽፉለታል። ሐዋሳ የምትሠራው ልጁ ዮርዳኖስ በእሱ ስም መልስ ትሰጣለች፤ እሱ ችግኙን ጠቅልሎ በአውቶቡስ ይልካል።

ሚስቱ ወለቴ ገረሴ በምትባል ከተማ ተወልዳ ያደገች የደጋ ሰው ናት። ሲቀላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና ኖራ ጡረታ ብትወጣም ጎረቤቱ ሁሉ አሁንም ቲቸር ወለቴ ይላታል። ለዛፎቹ ጥላቻ አልነበራትም፤ ፍቅርም አልነበራትም። ጎመንና ሽንኩርት የምትተክልበት ቁራሽ መሬት ብታገኝ ይበቃት ነበር። መደብ ባበጀች ቁጥር ግን በሳምንቱ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ችግኝ መሐሉ ላይ ቆሞ ታገኛለች። «እንግዳ ስታሳድግ ቤተኛው ጎመን አለቀ» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ ችግኙም እዚያው ይቀራል።

ከዛፎቹ ሁሉ ካሱ የሚኮራበት አቴሞያውን ነው። አቴሞያ የጊሽጣ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከጊሽጣ ለመለየት የለመደ ዓይን ይፈልጋል፤ ፍሬው ግን ትልቅ ነው፣ ዘሩ ጥቂት፣ ነጩ ሥጋ ደግሞ በማንኪያ የሚበላ። ሞያሌ የሚመላለስ የሾፌር ጓደኛው ከኬንያ በኩል አንዲት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲያመጣለት፣ ካሱ በአገሩ ጊሽጣ ግንድ ላይ ከተባት። መክተብ ማለት የታችኛውን ዛፍ ግንድ ቆርጦ፣ ሰንጥቆ፣ የሌላውን ቅርንጫፍ እዚያ ውስጥ አስገብቶ ማሰር ነው። ሁለቱ ይጋጠሙና ቋጠሮ ይሠራሉ። ከቋጠሮው በታች ያለው ሥር ይሰጣል፣ ከላይ ያለው ፍሬ ይሰጣል። ካሱ ችግኝ የገዛውን ሁሉ በር ድረስ እየሸኘ ከቋጠሮው በታች የሚያቆጠቁጠውን ቶሎ ቶሎ ቁረጡ፣ አለዚያ የታችኛው የላይኛውን ይበላዋል እያለ ያስጠነቅቃል። ወለቴ ይህን ስብከት በምሳም በእራትም ስትሰማ ኖራ በቃሏ ይዛዋለች።

ሄራን የመጣችው ጥር ውስጥ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ነው። ምዕራብ ዓባያ የምትኖር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከካሱ አንድ የአቴሞያ ችግኝ ገዝታ ከቤቷ ጓሮ ተክላ ነበር። በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ ከፌስታል ውስጥ አንድ ፍሬ አወጣች። ዛፉ ዘንድሮ አፈራልኝ፤ ስንቆርጠው ግን ያው ሁሉም ሰው ጓሮ ያለው ጊሽጣ ነው፣ ዘር በዘር ነው አለች። ዛፉን ፎቶ አንስታው ነበርና ስልኳን ዘረጋችለት።

ካሱ ስልኩን አልተቀበለም። ፍሬውን ተቀብሎ በመዳፉ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ሰብሮ ቀመሰው። ጊሽጣ መሆኑን አመነ። ቀጥሎ ግን፣ ከታች የሚያቆጠቁጠውን ሳትቆርጪ ትተሽ የታችኛው ውጦት ነው አላት። ሄራን እንዳዘዛት ስትቆርጥ እንደነበር ነገረችው።

«እንግዲያው የቆረጥሽው አቴሞያውን ነው» አለ ካሱ። ድምፁ ደረቅ ነበር። «እኔ ዛፍ አይጠፋኝም።»

ሄራን ጭቅጭቅ የምትወድ ሰው አይደለችም። «እሺ ጋሼ፤ እኔ ግን የገዛሁት አቴሞያ ነበር» ብላ ተነሣች። ወለቴ እጇን ከሳሙናው አለቅልቃ በር ድረስ ሸኘቻት። የምትላት ነገር ጠፍቶባት የልጆቿን ደኅንነት ደግማ ጠየቀቻት። ስትመለስ ካሱ የተሰበረውን ጊሽጣ በእጁ እንደያዘ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ምሳውን በቅጡ አልበላም።

ወለቴን የከነከናት ሌላ ነገር ነው። ካሱ የፎቶግራፍ ሰው ነበር። የሰው ዛፍ በስልክ ካሳዩት ጣቱን እየጠቆመ ስለ ቅጠሉ ቀለም፣ ስለ ውኃ መብዛት ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ሰው፣ የራሱን ዛፍ ፎቶ ዞር ብሎ አላየም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወለቴ ከገበያ ስትመለስ ካሱ ከአቴሞያው ሥር ቆሞ መጋዙን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ዛፉ ከጉልበት ከፍ ብሎ በሁለት የሚከፈል ነው። ከቋጠሮው በላይ አቴሞያው፣ ከቋጠሮው በታች ደግሞ ካሱ ወገቤን እያለ ሳይቆርጠው የቆየ አንድ ወፍራም የጊሽጣ ቡቃያ ነበረው። አሁን አንደኛው መሬት ላይ ወድቋል።

«አሁን ተነፈሰ» አለ ካሱ ዱካዋን ሰምቶ።

ወለቴ ዘንቢሏን አስቀመጠች። መጀመሪያ የተሳሳተችው እሷ መሰላት። ጠጋ ብላ ቋጠሮውን አየች፤ ከቋጠሮው በላይ ያለው ቁርጥ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። መሬት ላይ የተጋደመው አቴሞያው ነው። ቆሞ የቀረው ጊሽጣው ነው።

«የቱን ነው የቆረጥከው?» አለችው።

«የታችኛውን ነዋ።»

ወለቴ እጁን ያዘችና በተቆረጠው ላይ አስቀመጠችለት። ካሱ በጣቱ ዳሰሰው። ከቁርጡ ወደ ታች ወርዶ ቋጠሮውን አገኘው፤ ከቋጠሮው ወደ ታች ወርዶ የቆመውን ቡቃያ መነሻ አገኘ፤ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ በዳበሳ ጀሪካኑን ፈልጎ ተቀመጠበት።

«ወለቴ፣ አይታየኝም» አለ።

«ምኑ?»

«መሐል መሐሉን ነው የማየው። ዳር ዳሩ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን መሐሉም እየደፈረሰ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሳትጠይቀው ራሱ ተናገረ። የጀመረው መኪና ላይ ሳለ ነው። አንድ ቀን ሻሸመኔን አልፎ ሲመጣ፣ ጋሪ የሚጎትት አህያ ከጎን ገብቶበት አፍንጫው ሥር እስኪደርስ አላየውም። ፍሬን ይዞ አተረፈው። ዳር ላይ ቆሞ ላቡ እስኪደርቅ ከተቀመጠ በኋላ መሪውን ለረዳቱ ሰጠው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልነዳም። ወገብ ያለው ውሸቱን ነው። ዓይኔ ቢል ሰው ሁሉ እንደ ዕውር ያየኛል ብሎ ፈራ፤ ወገብ የሚያመው ሾፌር ግን ሞልቷል።

ወለቴ ሰምታ ስትጨርስ ለመቆጣት ሞከረች፤ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣላት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየምሽቱ በቅባት የምታሸው ጀርባው ነው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ያሸሁት ወገብስ?»

«እሱንማ አልጠላሁትም» አለ ካሱ።

ወለቴ ሳታስበው ሳቀች፤ ስትስቅም እንባዋ መጣ። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ወደቀው ቅርንጫፍ ተመለሰች። ቅጠሉ በፀሐዩ መጠውለግ ጀምሯል። በግቢው ውስጥ፣ እሷ እስከምታውቀው በአገሩም ውስጥ፣ ከዚህ ሌላ አቴሞያ የለም። ምን ይሻላል ብላ ጠየቀችው። ካሱ አለቀ፣ ተይው አለ። ቅርንጫፉ ገና ሕይወት ስላለው ሌላ ጊሽጣ ላይ ሊከተብ ይችላል፤ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ይደርቃል። መክተብ ደግሞ የዓይን ሥራ ነው፤ ሁለቱ ቆዳዎች ፀጉር የምታህል ልዩነት ሳይኖር መግጠም አለባቸው።

«እኔ ዓይን አለኝ» አለች ወለቴ።

ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች መርጣ ቆረጠች፣ ቅጠላቸውን አራግፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። ካሱ መጀመሪያ ዝም ብሎ ሰማት። ምላጭ ፍለጋ ሳጥኑን ስታተረማምስ ግን አላስቻለውም፤ ምላጩ እዚያ ሳይሆን ከመስኮቱ ላይ ነው አላት። ከዚያ ከጥላ መረቡ ሥር እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸውን የጊሽጣ ችግኞች እየዳሰሰ መረጠላት። ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እሱ ችግኙን በሁለት ጣቱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ እሷ ትቆርጣለች። ግንዱን መሐል ለመሐል መሰንጠቅ ቀላል ሆነላት። ቅርንጫፉን ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ አሹሎ መቅረጽ ግን አስቸገራት። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሕፃናት እርሳስ የቀረጸች እጅ ናት፤ ምላጩ ግን እንደ መቅረጫው አይታዘዝም። አንዱን ጠማማ አደረገችው፣ ሌላውን አሳጠረችው፣ በመጨረሻም አውራ ጣቷን ቆረጠች።

ካሱ የቀረጸችውን ሁሉ በከንፈሩ እየነካ ይመረምር ነበር። ጣት ይሳሳታል፣ ከንፈር አይሳሳትም ይላል። ጎበጥ ያለውን ይመልስላታል፤ ለስላሳውን ሲያገኝ «ይኼን አስገቢ» ይላል። ከዚያ ቅርንጫፉን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ፣ አረንጓዴው ቆዳ ከአረንጓዴው ቆዳ ጋር ቢያንስ ባንድ ወገን መግጠሙን ዓይኗን አጥብባ ታያለች። ከፌስታል በተቀደደ ቀጭን ላስቲክ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ላስቲኩን ስትጠመጥም እጁን በእጇ ላይ ያስቀምጣል፤ በዝቶ ሲጠብቅም ሲላላም ይነግራታል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ያሰሯቸውን ችግኞች ከጃክ ፍሩቱ ጥላ ሥር ደረደሩና በላያቸው ላይ ፌስታል አለበሷቸው።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ዮርዳኖስ በስልክ ሰምታ ሐዋሳ ሆና አለቀሰች። ወለቴ ጠብታውን በቀን ስንቴ እንደሚደረግ ደግማ ደጋግማ ከጠየቀች በኋላ እጁን ይዛ አወጣችው። ባጃጅ ላይ ካሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ለሙከሚል ደውይለት አላት።

ሙከሚል ከመናኸሪያው አጠገብ የጅምላ መደብር ያለው ነጋዴ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው። ምዕራብ ዓባያ ከሐይቁ ዳር መሬት ገዝቶ ፍራፍሬ መትከል ከጀመረ ወዲህ የካሱን ዛፎች ሽጥልኝ ሲለው ኖሯል፤ ካሱ በቀልድ ያልፈው ነበር። አሁን ሁሉንም ውሰድ ሲለው ሙከሚል ደስታውን አላሳየም። ወለቴ ያቀረበችለትን የማንጎ ጭማቂ ይዞ የካሱን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ፣ ዋጋው ላይ እንደማይከራከር፣ በዚህ ፀሐይ ግን ችግኝ ማንቀሳቀስ መግደል ስለሆነ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እንደሚመጣ ተናገረ።

«እስከዚያ ሐሳብህ ከተለወጠ ቃልህን አልይዝብህም ጋሽ ካሱ» ብሎ ተነሣ። «በሕመም የተሸጠ ነገር ለገዢውም ደስ አይልም።»

ሐሳቤ አይለወጥም አለ ካሱ። ወለቴ ሙከሚልን ሸኝታ ስትመለስ ግቢውን ተመለከተች። ይህ ሁሉ ሲነሣ የምታገኘውን ቦታ፣ ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን በዓይነ ሕሊናዋ ለማየት ሞከረች። ለዓመታት የተመኘችው ነው። የታያት ግን ባዶው መሬት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሙቀት ብቻ ነበሩ። ካሱ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ከቤቱ ጥላ አውጥቶ ይቀመጣል፤ ሰው ሲመጣ ሸጫለሁ ብሎ ይመልሳል። ወደ ዛፎቹ አይጠጋም። ወለቴ ግን በየቀኑ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ከጃክ ፍሩቱ ሥር ትሄዳለች። ፌስታሉን ገለጥ አድርጋ ታያለች። መጀመሪያ አንዱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ከሞላ ጎደል ሁሉም። የጠቆረውን ስትነቅል ለካሱ አትነግረውም፤ እሱም አይጠይቃትም። በመሐሉ ሥራ ከመፍታት ብላ በመረቡ ሥር ባሉት ሌሎች ችግኞች ላይ ማንጎ ከማንጎ፣ ካዝሚር ከካዝሚር መክተብ ጀመረች። ካሱ ቤተክርስቲያን ለሽማግሌዎች ስብሰባ በሄደበት ሰዓት ቁጭ ትልና በምላጩ ትታገላለች። የቀረጸችውን በከንፈሯ መንካት ልማድ ሆነባት።

መጋቢት ሲጋመስ አንድ ጠዋት በአንደኛው የአቴሞያ ቅርንጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። ለካሱ ገና አልነገረችውም። በሳምንቱ ነጥቧ ተፈታች፣ ሌላ ችግኝም ላይ እንደ እሷ ያለች ወጣች። ሁለቱ ብቻ ናቸው የተረፉት። ወለቴ የመጀመሪያውን ተሸክማ ካሱ የተቀመጠበት ወሰደችና አመልካች ጣቱን ይዛ በቀስታ ቡቃያው ላይ አሳረፈችው። ካሱ ከቡቃያው ወደ ታች ወርዶ ማሰሪያውን ዳሰሰ።

«ማን ከተባት?» አለ በመጨረሻ።

«እኔና አንተ።»

እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይቺን ለዚያች ልጅ አድርሺላት አለ። ከሄራን ጋር ከተለያየ ጀምሮ ሲያሰላስለው የቆየውን ያኔ አወጣው። የገዛ ዛፉን በቁሙ ያልለየ ሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ጊሽጣውን በአቴሞያ ስም አልሸጥኩም ብሎ እንዴት ይምላል? ሰውን በደጁ አዋርዶ ሸኝቷል። አንቺ ሂጂና ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቂልኝ አላት።

ወለቴ ችግኟን በእግሮቿ መሐል አድርጋ በሚኒባስ ምዕራብ ዓባያ ወረደች። ሄራን በደስታ ተቀበለቻት፤ ሙዝ ቆርጣ አቀረበችላት። ወለቴ ሳትሸፋፍን ነገረቻት፦ ዓይኑን፣ የተቆረጠውን ዛፍ፣ ይቅርታ በይልኝ ማለቱን። ሄራን ስለ ዓይኑ ስትሰማ ደነገጠች፤ ስለ ችግኙ ያኔውኑ ረስቼዋለሁ አለች፤ ወለቴ ግን በደንብ እንዳልረሳችው ከፊቷ ገባት። ከዚያ ዛፉን ልይ ብላ ተነሣች።

ዛፉ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። ያማረ፣ የተንሰራፋ ጊሽጣ። ሄራን ሙቀቱ ሥሩን እንዳይጎዳው ብላ ግንዱ ሥር ገለባና ፍግ እየከመረች ስላሳደገችው የታችኛው ክፍል ተቀብሯል። ወለቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ክምሩን በእጇ መግፋት ጀመረች። መሬቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀር ጣቶቿ የሆነ እብጠት ላይ ደረሱ። አቧራውን ጠረገችው። ቋጠሮ ነው። በቋጠሮው ውስጥ የተቀበረች የሰማያዊ ላስቲክ ቅዳጅ ትታያለች። ትልቁ ጊሽጣ የተነሣው ከቋጠሮው በታች ነው። ከቋጠሮው በላይ ደግሞ ጣት የምታህል ቀጭን ቅርንጫፍ ወጥታ፣ ጥላው ሲበዛባት ብርሃን ፍለጋ ወደ አጥሩ ተጋድማለች። አራት አምስት ቅጠል ይዛለች። ወለቴ አንዱን ቅጠል በጣቶቿ መሐል አሸችው፤ የዚያን ቅዳሜ አቴሞያውን ስትቀርጽ ከምላጩ ሥር የወጣው ሽታ ነው።

«ይኼ ነው አቴሞያው» አለች። «እሱ ልክ ነበር።»

ሄራን ጎንበስ ብላ አየችና እጇን በአፏ ጫነች። «እኔ እኮ ይቺን ቀጭኗን ነው በየክረምቱ የምከረክማት» አለች። «የታችኛው ማለት ትንሿ መስሎኝ።»

ወለቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ሌላ ነገር ተገኘ። ከጎረቤት መጋዝ ተለምኖ መጣና ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ትልቁን ጊሽጣ ከመነሻው ቆረጡት። ቀጭኗ ቅርንጫፍ በድንገት ፀሐይ ላይ ብቻዋን ቆማ የምትሳቀቅ መሰለች። ወለቴ በእንጨት ደግፋ አሰረቻት። ሄራን ወለቴ ያመጣችላትን ችግኝ ለመቀበል እምቢ አለች፤ የእኔው ካለ ሁለት ምን ያደርግልኛል ብላ እስከ መኪናው ተሸክማ አደረሰችላት።

ማታ ወለቴ ያየችውን ስትነግረው ካሱ አላመናትም። ቋጠሮው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይል እንደነበር ጠየቃት፤ ነገረችው። የላስቲኩን ቀለም ጠየቃት፤ ሰማያዊ ነው አለች። ያን ጊዜ ሰማያዊ ነበር የምጠቀመው አለ። ትንሽ ቆይቶ ስለ ቋጠሮው እንደገና ጠየቃት። እራት ሲቀርብ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

«ያኔም እኮ በደንብ አይታየኝም ነበር» አለ ከበላ በኋላ። «መንዳት ካቆምኩ በኋላ ነው የከተብኩት።»

«እጅህ ያውቀዋላ።»

ካሱ እጆቹን ጭኑ ላይ ገልበጥ መለስ አደረጋቸው።

በማግስቱ ወንበሩን ከቤቱ ጥላ አንስቶ ችግኞቹ አጠገብ፣ መረቡ ሥር አደረገው። ወለቴ ችግኞቹን ስታጠጣ አጠገቧ ተቀምጦ ያዛታል፤ አንዳንዴም ሳትጠይቀው ይናገራል። እሷም አንዳንዴ ትሰማዋለች።

ዝናቡ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ጀመረ። መሬቱ ሁለት ሦስት ቀን ከጠጣ በኋላ ሙከሚል ፒካፑን ይዞ መጣ። እንደ ቃሉ ሐሳባቸው ተለውጦ እንደሆነ መጀመሪያ ጠየቀ። ሁሉንም አይደለም አለ ካሱ። በዕቃ ውስጥ ያሉትን ትልልቆቹን ድራገን ፍሩት፣ ስታር ፍሩት፣ ትንንሾቹን ጃክ ፍሩቶች ይውሰድ ዘንድ አሳየው። ሙከሚል ጭኖ ሲጨርስ ወደ ጃክ ፍሩቱ ጥላ መጣና እዚያ ወደ ተደረደሩት ወደ ተከተቡት ችግኞች ጠቆመ።

«እነዚህስ?»

«እነዚህ አይሸጡም» አለች ወለቴ።

ካሱ ድምፁ ወደ መጣበት ዞረ። «የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው። ማንጎና ካዝሚር ነው፤ አንተ ስብሰባ ስትሄድ የከተብኳቸው። ገና ቡቃያቸውን አላወጡም። የምሸጠው ሲያወጡ ነው።»

ካሱ ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለጋቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ማሰሪያቸውን ነካካ። አንደኛው ላይ ቆመና ይኼኛው ላልቷል አላት። ወለቴ አልላላም አለች። ሙከሚልም ቡቃያ ሲያወጡ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፣ እኔም መሬቴ ላይ የሚከትብ ሰው የለኝም ብሎ፣ የጫነውን ይዞ ሄደ።

ካሱ ዓይኑ አልተሻለውም። ጠብታው ግን የቀረችውን ይዞለት ቆየ፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ የሰውን መምጣት ያውቃል፣ ወለቴ የለበሰችው ነጭ ከሆነ ይታየዋል። ሄራን አልፎ አልፎ ትደውላለች። አቴሞያዋ ስታብብ ካሱ አበባውን በለስላሳ ብሩሽ እንዴት እንደምታዳቅለው፣ ብናኙን ከሰዓት በኋላ ሰብስባ በማግስቱ በጠዋት እንዴት እንደምትነካካው በስልክ አስረዳት። ወለቴ ከጎኑ ሆና አንድ ጊዜ አርማዋለች።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ የሚኒባስ ረዳት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ በሩን አንኳኳ። ሄራን የላከችው የዛፉ የመጀመሪያ ፍሬ ነው። ሁለቱም መረቡ ሥር ተቀመጡ። ካሱ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ በስሏል። በእጁ ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ግማሽ ለወለቴ ሰጣት። በዚህ ሁሉ ዓመት ከእሱ ቤት ስንት ሰው አቴሞያ ቀምሶ ሄዷል፤ እሷ ግን ዛፉ ሲያፈራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ልጣጩ ብቻ ነበር፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። በማንኪያ ቀመሰችው። ካሱ ማኘኳን ያዳምጥ ነበር።

«እንዴት ነው?» አላት።

ወለቴ አስባ መለሰች። «ይጣፍጣል። ከጊሽጣው ግን ብዙም አልተለየብኝም።»

ካሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። እንዴት አይለይም ብሎ ጀመረ፤ ስለ ዘሩ ማነስ፣ ስለ ሥጋው መለስለስ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ስለሚለው ጣዕሙ፣ ኬንያ ውስጥ ሆቴል ቤቶች ምን ያህል እንደሚፈልጉት። ወለቴ እየሰማች የቀረውን በላች። ሲጨርስ፣ እንደገና ቅመሺው ብሎ የራሱን ግማሽ ወደ እሷ ገፋው። እሷም ተቀበለችው።